ስለ ሶኬትና ስፒና ፈተና
(በወላጆች በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ለመናገር ነው፤ ይህችውም ከአንድ ሶኬት ላይ ተሰክታ ብዙ ስፒና የምትቀበለው ማከፋፈያ ናት። ባለፈው ክረምት የአንዱ ጓደኛችን እናት በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ሲጋግሩ የላስቲክ ቃጠሎ ሸተታቸው። ዘወር ቢሉ ማከፋፈያው ቀልጦ ከምጣዱ ስፒና ጋር ተጣብቋል፤ መጋረጃውም መጨስ ጀምሯል። ሮጠው ዋናውን ማጥፊያ አወረዱት። ባልቦላው ግን አልተቃጠለም ነበር፤ እኛን ያስገረመን ይኸው ነው።

ዕቃውን ወደ ክፍል አምጥተን ፈታነው። በጀርባው «16 አምፔር፤ 250 ቮልት» ተብሎ ተጽፏል፤ በውስጡ ያለው ብረት ግን እንደ ቆርቆሮ የሳሳና ስፒናውን አጥብቆ የማይዝ ነው። 3,500 ዋት የሚፈልግ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያኽል ይወስዳል፤ ማለት ብቻውን ሶኬቱን ይሞላል። በዚያ ላይ ማቀዝቀዣው ተሰክቶ ነበር። ባልቦላ የሚቈጥረው የሚያልፈውን ኃይል እንጂ በላላ ብረት ላይ የሚወለደውን ሙቀት ስላልሆነ ዝም አለ።

ታዲያ ያን ጽሑፍ ማን መረመረው? በ1906 እ.ኤ.አ. በለንደን የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ስለ ቤት ስፒናና ሶኬት ያወጣው ደንብ ቍጥሩ 60884 ነው፤ ለማከፋፈያም የተጨመረ ክፍል አለው። በደንቡ መሠረት ባለ 16 አምፔር ሶኬት 22 አምፔር ለአንድ ሰዓት ይለቀቅበታል፤ የብረቱም ሙቀት ከነበረበት ከ45 ዲግሪ በላይ መጨመር የለበትም። ስፒናው 5,000 ጊዜ ይሰካል፤ 5,000 ጊዜ ይነቀላል። ብረቱን የያዘው ፕላስቲክ ደግሞ የጋለ ሽቦ ይጠጋበታል፤ ቢነድ እንኳ ሽቦው ሲነሣ በ30 ሴኮንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። የኛው በክብሪት ነደደ። (መምህራችን አጠገባችን ነበሩ።)

ከጀርባው «ሲ. ኢ.» የሚሉ ሁለት ፊደሎች ነበሩበት፤ ሻጩም ለእናትየው «የአውሮፓ ነው» ብሏቸው ነበር። ነገሩ ሲታይ ግን ይህ ምልክት አምራቹ ራሱ ስለ ዕቃው የሚሰጠው ቃል ነው፤ ደግሞም በአውሮፓ ኅብረት የቤት ስፒናና ሶኬት ምልክቱ ከሚደረግባቸው ዕቃዎች ውጭ ናቸው! እንደ ጀርመኑ «ቪ. ዲ. ኢ.» ያለው ምልክት ግን ሌላ ነው፤ አምራቹ ያልሆነ መርማሪ ናሙናውን ፈትኖ፤ ፋብሪካውንም እየተመላለሰ አይቶ የሚሰጠው ነው። እርሱንም ቢሆን አስመስሎ የሚያትም አይጠፋም፤ ስለዚህ የአምራቹ ስም ከሌለበት ዕቃ ላይ ምልክቱን አትመኑ።

እናቶቻችንን የምንለምነው ምጣዱ በማከፋፈያ ሳይሆን ለብቻው በተዘረጋለት ሶኬት እንዲሰካ ነው፤ ሽቦውንም ባለሙያ ይዘርጋው። የቀለጠው ማከፋፈያ በፊዚክስ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ስትወጡ ጐራ ብላችሁ እዩት።