አእምሮው የደከመ ወላጅ የቤተሰቡና የጀማዓው አደራ ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት ያለ፣ ነገር ግን በር ተዘግቶበት የሚኖር ነው። እርሱም የመርሳት በሽታ፣ ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት ነው። እኛ «ጃጁ» ብለን እናልፈዋለን። አንዳንዱ ጂን ነው ይላል፣ ሌላው ሲሕር ወይም ዓይን ነው ይላል። ጎረቤት እንዳይሰማ ሲባልም ትልቁ ሰው ከእንግዳ ተሸሽጎ ጓዳ ይቀራል።

በሽታው የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲጎዱ የሚመጣ ነው። በብዛት የሚታየው ዓይነት አልዛይመር ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው በ1906 እ.ኤ.አ. በሽታውን ከገለጸው ጀርመናዊ ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። ሌላው የአንጎል የደም ሥሮች ሲጎዱ የሚከተለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ያሉት እንደ እኛ ባሉ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው።

ጫማውን መስጊድ በር ላይ የት እንዳወለቀ ለአፍታ የጠፋው ሰው ሁሉ ታመመ ማለት አይደለም። ሠላሳ ዓመት የተመላለሰበት መንገድ፣ ከመስጊድ ወደ ቤቱ የሚወስደው፣ ሲጠፋው ግን ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ የመድኃኒት ጠባይ፣ ወድቆ ጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰ ደም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ፤ እነዚህ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ ዱዓና ሩቅያ አይቅር፤ ሐኪምም አይቅር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘውናል።

ይህ ሁኔታ ነውር አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ነሕል 70ኛው አንቀጽ፣ ካወቁ በኋላ ምንም ወደማያውቁበት ደካማ ዕድሜ የሚመለሱ ሰዎች እንዳሉ ነግሮናል። በሱረቱል ኢስራእ 23ኛው አንቀጽ ደግሞ ወላጆች እኛ ዘንድ ሲያረጁ «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው ከልክሎናል። ትእዛዙ የመጣው ወላጅ ጠንካራ ሳለ ስላለው ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ በተለይ ትዕግሥት ስለሚያስፈልግበት ጊዜ መሆኑን እናስተውል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ንግግራችንን እናለዝብ። ባላቸው ከሞቱ ዓመታት ያለፉ እናት ቡና እየተጠጣ «አባታችሁ አልመጣም ወይ?» እያሉ ሰባት ጊዜ ይጠይቃሉ። ሞቱን በነገርናቸው ቁጥር ለእርሳቸው አዲስ መርዶ ነው። «ይመጣል» ብሎ መዋሸትም አያስፈልግም። «ናፈቁሽ እማዬ? እስቲ ስለ እሳቸው አጫውቺኝ» ብሎ ዱዓ ማድረግ እውነትም እዝነትም ነው።

ሁለተኛ፣ በዒባዳ አናስጨንቃቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አእምሮውን ከሳተ ሰው ላይ ብዕር የተነሣ መሆኑን አስተምረዋል። አእምሮው ፈጽሞ የሄደ ሰው ሶላትና ጾም አይጠየቅም። አእምሮው እየሄደ የሚመለስ ከሆነ በተመለሰበት ሰዓት የደረሰበትን ይሰግዳል። አንድ ሽማግሌ ዙህርን ሰግደው ሲያበቁ እንደገና ቢጀምሩ፣ ልጆች አይሳቁ፣ ትልልቆችም አይቆጡ። አንድ ሰው ከጎናቸው ይቁም፣ ሲጨርሱም እጃቸውን ይዞ ቤታቸው ያድርስ።

ሦስተኛ፣ ገንዘባቸውን እንጠብቅ። ይህን ደፍሬ እናገራለሁ። የሚፈርመውን የማያውቅ አባት ጣት በቀለም ተነክሮ ቤት ወደ አንዱ ልጅ ሲዞር ይታያል። አእምሮ የሌለበት ሽያጭና ስጦታ በሸሪዓ ዋጋ የለውም፤ የወንድምና የእህትን የውርስ ሐቅ መብላትም ነው። እኛም ጤነኛ ሳለን ዕዳችንን፣ የሰው አደራና ወሲያችንን በምስክር ፊት እናስጽፍ።

አራተኛ፣ አስታማሚዋን እናስብ። ብዙ ጊዜ ሸክሙ በአንዲት ሴት ልጅ ወይም በምራት ላይ ይወድቃል። ሌሊት በር እንዳይከፈት ስትጠብቅ ታነጋለች፤ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፤ ሥራዋና ትዳሯ ይቀራል። ወንድሞች ከጂዳም ሆነ ከዱባይ ገንዘብ መላካቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ ሌሊት አይነቃም። በተራ ይያዝ፤ ወንዱም አባቱን ማጠብ ይማር። በንዴት እጅ መሰንዘርና አስሮ ማስቀመጥ ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

አምስተኛ፣ የጀማዓው ድርሻ አለ። የታመሙትን ሽማግሌዎች ወጣቶቻችን በመልክ ይወቋቸው፤ መንገድ ስተው ሲያገኟቸው ያድርሷቸው። ቤተሰብ ስማቸውንና ስልኩን ጽፎ በኪሳቸው ያኑር። ከሚጎበኟቸው መካከል አንዱ ለሁለት ሰዓት ይቀመጥ፤ አስታማሚዋ በዚያች ሰዓት ትተኛ፤ ይህም ሰደቃ ነው።

እነዚህ ሰዎች ፋቲሐን ያስቀሩን፣ ለዚህ መስጊድ ድንጋይ የተሸከሙ ናቸው። እነርሱ ስማችንን ቢረሱ እኛ ስማቸውን አንርሳ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት እዝነቱን፣ ለሚያስታምሙት ብርታቱን ይስጥ፤ እኛንም ካወቅን በኋላ ከማጣት ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።