የቫልቭ ጊታር ማጉያና የጎረቤት እንቅልፍ

(በራዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ነገር በስሙ ሲሰሙት ለሙዚቀኞችና ለኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ብቻ የሚጠቅም ይመስላል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤት መዝገብ ሲያገላብጥ ውሎ ማታ ለዕረፍት ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ሁሉ ከግድግዳው ማዶ የሚኖር ጎረቤት አለውና፣ ነገሩ እርሱንም ሳይነካው አይቀርም።

የምኖረው በሰባተኛ ነው። ሰፈሩን የምታውቁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ቀን የተሸካሚው ጩኸት፣ የመኪናው ጡሩምባና የቆርቆሮው ኳኳታ አንድ ላይ ሆኖ ሲያስተጋባ ይውላል። ማታ ሱቁ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ግን፣ ከመንገዱ ጀርባ ባሉት ጠባብ ግቢዎች ውስጥ የጎረቤት ሳል እንኳ ይሰማል። በእኛ ግቢ አምስት ቤተ ሰብ በአንድ አጥር ውስጥ እንኖራለን፤ ቤትን ከቤት የሚለየውም የጭቃ ግድግዳ ነው። ከጎረቤቶቼ አንዱ በባንድ ውስጥ ጊታር የሚመታ ወጣት ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑት ደግሞ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ እናት ናቸው። እኒህ እናት ሌሊት በ10 ሰዓት ተነሥተው ምጣዳቸውን ስለሚያግሉ፣ ማታ በ2 ሰዓት መተኛት ግድ ይሆንባቸዋል። ወጣቱም ሥራ በሌለው ምሽት የሚለማመደው በዚያው በ2 ሰዓት ነው።

ታዲያ ይህ ወጣት አንድ ያገለገለ ባለ 20 ዋት የቫልቭ ማጉያ ገዝቶ ባመጣ በሦስተኛው ምሽት፣ እኒያ እናት በሩን አንኳኩተው፣ አንዳችም ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ ይኸ ዕቃህ የመኝታ ሰዓት የለውም ወይ?» ብለው ጠየቁት። ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ወጣቱ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ» ብሎ ማጉያውን ዘጋና ወደ እኔ መጣ። እኔ በራዲዮ ጣቢያ ስለምሠራ የድምፅን ነገር ሁሉ የማውቅ ይመስለዋል።

«ታዲያ ድምፁን ቀንሰው» አልሁት።

«ጋሼ፣ እርሱማ ቀላል ነበር፤ ከቀነስሁት ግን ድምፁ ሌላ ድምፅ ይሆናል» አለኝ።

እውነቱን ነው። የቫልቭ ማጉያ ማለት የድምፁን ኤሌክትሪክ የሚያጎለብተው ክፍል በትራንዚስተር ፈንታ አየር በወጣለት የመስታወት ቱቦ የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለው ማጉያ እስከ ዐቅሙ ጫፍ ሲነዳ፣ ቫልቮቹ ከዚያ በላይ መስጠት ስለማይችሉ የድምፁ ሞገድ ራስ ራሱ ይደፈጠጣል። ይህ ለእኛ ለዜና አንባቢዎች ነውር ነው፤ ለጊታር መቺ ግን ጌጥ ነው። የክራር ክር ተመትቶ ድምፁ ወዲያው ይከስማል፤ ማሲንቆ ግን ደጋኑ እስከ ተሳበ ድረስ ያዜማል። በዐቅሙ ጫፍ የሚሠራ የቫልቭ ማጉያም ጊታርን ከክራር ጠባይ አውጥቶ ወደ ማሲንቆ ጠባይ ያስጠጋዋል። በትዝታ ቅኝት አንዲቱን ድምፅ ይዞ ማስረዘም የሚወድ መቺ ይህን ለማግኘት የድምፅ ቁልፉን ከፍ ማድረግ አለበት፤ ቁልፉ ከፍ ሲል ደግሞ 20 ዋቱ ሁሉ ወደ ስፒከሩ ይፈስሳል።

እነዚህ ማጉያዎች በመጀመሪያ የታሰቡት ለአዳራሽ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመተ ምሕረት የአይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል፣ የዋልያስ ባንድም በሂልተን ሲጫወቱ፣ ሰፊው አዳራሽና የተሰበሰበው ሕዝብ ድምፁን ይውጠው ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ዓመታት እንኳ፣ ባንዶቹ በሩ ተዘግቶ ከታዳሚው ጋር እስኪነጋ ድረስ ይጫወቱ ነበር እንጂ በጭቃ ግድግዳ ማዶ የተኛ ሰው አልነበረባቸውም። ለአዳራሽ የተሠራ ዕቃ በአንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነው። የዛሬው የኮንዶሚኒየም ነዋሪም ቢሆን ከዚህ ችግር አላመለጠም፤ ብሎኬት ከጭቃ የሚሻልበት መጠን ሰው እንደሚያስበው ብዙ አይደለም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ለወጣቱ «ስፒከሩን ንቀለው፤ ማጉያውን ግን አትዝጋ፤ ከኋላው ካለው ቀዳዳ ድምፁን ወደ ጆሮ ማዳመጫ እናወጣዋለን» ብዬ መከርሁት። በጣቢያችን የምናውቃቸው የትራንዚስተር ማጉያዎች ስፒከራቸው ቢነቀል ብዙውን ጊዜ አንዳች አይሆኑም። የቫልቭ ማጉያ ግን እንደዚያ አይደለም። ወጣቱ ምክሬን ተቀብሎ ጥቂት ደቂቃ እንደ ተጫወተ፣ ከማጉያው ውስጥ አንድ የመሰንጠቅ ድምፅ ተሰማ፤ የተቃጠለ ቀለም ሽታም ቤቱን ሞላው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቫልቭ የሚሠራው በ300 ወይም በ400 ቮልት ገደማና በጥቂት ከረንት ነው፤ ስፒከር ግን የሚሻው ጥቂት ቮልትና ብዙ ከረንት ነው። ሁለቱን የሚያስታርቃቸው በመካከል የተቀመጠው የመውጫ ትራንስፎርመር ነው። በወዲያኛው ወገን ኃይሉን የሚቀበል ስፒከር ከሌለ፣ ቮልቱ በወዲህኛው ወገን ከልክ በላይ ይነሣና የጥቅሉን ሽቦ ልባስ ይበሳዋል። በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። ስለዚህ ከዚህ ንግግር ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ አንዱን ያዙልኝ፦ የቫልቭ ማጉያ ያለ ሸክም ከቶ አይከፈትም። ገመዱም ማጉያው እየሠራ ሳለ አይነቀልም።

ትራንስፎርመሩን በመርካቶ የሚገኙ አንድ ሽቦ ጠምጣሚ እንደገና ጠመጠሙልን። ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ገንዘቡን እኔ ከፈልሁ፤ ወጣቱም በዚያን ጊዜ ሁሉ በተዋሰው ማጉያ ሲሠራ ሰነበተ። ጠምጣሚው ታሪኩን ከሰሙ በኋላ ሣቁና «ይኸ ዕቃ የሚፈልገው ምጣድ ነው» አሉን። አነጋገራቸው ቀልድ ይመስላል እንጂ ትክክል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የተቀበለውን ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ድምፅ ግን አያወጣም። በማጉያውና በስፒከሩ መካከል ገብቶ ከኃይሉ አብዛኛውን ወደ ሙቀት የሚለውጥ፣ የተረፈውን ጥቂት ብቻ ለስፒከሩ የሚያሳልፍ መሣሪያ አቴኑዌተር ይባላል። ማጉያው ስፒከሩን ሙሉ በሙሉ የሚነዳ ይመስለዋል፤ ጎረቤትም ይተኛል።

የዚህ ዐይነቱ መሣሪያ ታሪክ ከቤት ውስጥ ልምምድ ጋር የተያያዘ ነው። ቶም ሾልስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ቦስተን የተባለውን ባንድ የመሠረተው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን የመጀመሪያ አልበም አብዛኛውን ክፍል የቀዳው በቤቱ ምድር ቤት ነበር። በኋላም በ1980 ባቋቋመው ድርጅት አማካይነት ፓወር ሶክ የተባለ አቴኑዌተር ለገበያ አቀረበ። ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል ይባላል፤ በእኛ ግቢ ግን ዕቃ ያስገዛን የደግ ጎረቤት ደግነት ነው።

ወደ ሒሳቡ ልግባ። ብዙ ሰው ባለ 20 ዋት ማጉያ ወደ 10 ዋት ቢወርድ ድምፁ በግማሽ የሚቀንስ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም፤ የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮም ልዩነቱን በጭንቅ ያውቀዋል። ድምፁ ለጆሮ ግማሽ ያህል እንዲመስል ኃይሉ ዐሥር ጊዜ መቀነስ አለበት፤ ይህም 10 ዴሲቤል ነው። እንግዲህ 20 ዋት ወደ 2 ዋት ሲወርድ ግማሽ፣ ወደ 0.2 ዋት ሲወርድ ሩብ ያህል ሆኖ ይሰማል። የጊታር ስፒከር ደግሞ በጥቂት ኃይል ብዙ የሚጮህ ነው። በ1 ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 97 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር ብንወስድ፣ በ20 ዋት 110 ዴሲቤል ይደርሳል፤ 30 ዴሲቤል ቢቀነስለት እንኳ 80 ይቀረዋል። ከ1995ቱ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ጋር በተያያዘ የወጣው የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ከማታው 3 ሰዓት በኋላ 45 ዴሲቤል ይላል፤ ለንግድ ሰፈር ደግሞ 65 እና 55። ሰባተኛ ፊቱ ንግድ፣ ጀርባው መኖሪያ ስለ ሆነ የትኛው እንደሚጸና ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ የተኛ ሰው ግን በጀርባው በኩል ነው።

ባለሙያው የሠሩልን ቀላል አቴኑዌተር ሁለት ሬዚስተር ብቻ አለው። ለ8 ኦም ስፒከር 10 ዴሲቤል ለመቀነስ 5.5 ኦም ገደማ በመንገዱ ላይ በተከታታይ፣ 3.7 ኦም ገደማ ደግሞ ከስፒከሩ ጎን ለጎን ይገባል። ሁሉም ተደምሮ ማጉያው ያው 8 ኦም ያያል። የማጉያው መውጫ 4 ወይም 16 ኦም ከሆነ ቍጥሩ ሌላ ነው፤ አለማመሳሰል ደግሞ ቫልቩንም ትራንስፎርመሩንም ያደክማል። ባለ 20 ዋት የተባለ ማጉያ ሞገዱ እስኪደፈጠጥ ሲነዳ ወደ 40 ዋት ሊጠጋ ስለሚችል፣ ሬዚስተሮቹ ከዚያ በላይ የሚችሉና በአሉሚኒየም ላይ የታሰሩ መሆን አለባቸው። እጅ አያስነኩም። በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ላይ የሚያስቀምጣቸው ሰው ቤቱን ሊያቃጥል ይችላል። ማገናኛው ገመድም ወፍራም የስፒከር ገመድ ነው እንጂ ቀጭኑ የጊታር ገመድ አይደለም። የማጉያውን ሆድ ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላ እንኳ የሚገድል ቮልት በውስጡ ሊቆይ ይችላልና።

አሁን ደግሞ ጉድለቱን። ስፒከር 8 ኦም ይባላል እንጂ እውነተኛ ጠባዩ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ይለዋወጣል፤ በወፍራሙ ድምፅ በአንድ ቦታ ብዙ እጥፍ ይነሣል፣ ወደ ቀጭኑም ሲሄድ እንደገና ያድጋል። ማጉያው ለዚህ መነሣትና መውደቅ መልስ ይሰጣል። ተራ ሬዚስተር ግን ምንጊዜም አንድ ስለ ሆነ፣ ብዙ በተቀነሰ ቍጥር ድምፁ ደብዘዝ ይላል። ይህን ለማረም ጥቅል ሽቦና ኮንደንሰር ጨምረው የስፒከሩን ጠባይ የሚያስመስሉ መሣሪያዎች አሉ፤ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው። የጆሮም ድርሻ አለበት። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉት የቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲያንስ ጆሯችን በተለይ ወፍራሙን ክፍል ይዘነጋዋል። እንግዲህ ወጣቱ «ድምፁ ሣሣ» ሲል ጥፋቱ ሁሉ የሬዚስተሩ አልነበረም።

ስፒከሩ ጨርሶ ዝም እንዲል ለሚፈልግ ሰው ሎድ ቦክስ አለ። ይህ ኃይሉን በሙሉ ይቀበልና ከእርሱ ጥቂት ምልክት ብቻ ለጆሮ ማዳመጫ ወይም ለመቅጃ መሣሪያ ይሰጣል። የጊታር ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ ስለሚቆርጥ፣ ያለ እርሱ በቀጥታ የሚሰማው ጊታር እንደ ንብ መንጋ ይጮኻል፤ ስለዚህ የስፒከሩን ጠባይ በሒሳብ የሚያስመስል ክፍል ይጨመርበታል። ሎድ ቦክስም ሆነ አቴኑዌተር ቫልቭን ከመድከም አያድኑም፤ ጎረቤት አልሰማም ማለት ቫልቩ አልሠራም ማለት አይደለም። እኔ ግን ከሁለቱ ለጭቃ ግድግዳ የምመርጠው ሎድ ቦክስን ነው። 10 ዴሲቤሉ እትዬን ከማስነቃት አላዳነንም ነበር።

ወጣቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ገንዘብ አጠራቅሞ ያገለገለ ሎድ ቦክስ ገዛ። አሁን ማታ በ2 ሰዓት በግቢው ውስጥ የሚሰማው የክሩ ጠቅ ጠቅ ማለት ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ እኒያ እናት እንጀራ ሊሰጡኝ መጥተው ሳለ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ ልጅ ጊታሩን ተወው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አለመተዉን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያ ቀን ቀን እንኳ ያሰማን እንጂ» አሉኝ። ለወጣቱ ነግሬዋለሁ።