ወደ ውጭ አገር ከመጓዝ በፊት፦ ስለ ጎብኚ ቪዛ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት ትንሽ ወረቀት ነው። ወረቀቲቱ ከመዳፍ እምብዛም አትበልጥም። በፓስፖርት ገጽ ላይ ትለጠፋለች። ስሟም ቪዛ ይባላል። ትንሽ ብትሆንም ስለ እሷ ሲል በሬውን የሚሸጥ፣ መሬቱን የሚያከራይ፣ ከዘመድ የሚበደር ሰው ሞልቷል። ገንዘቡንም ተስፋውንም ተቀምቶ የቀረ ሰው እንዲሁ አለ። ስለዚህ ይህች ወረቀት ምን እንደሆነች፣ እንዴት እንደምትጠየቅና በላይዋ የተጻፈው ምን እንደሚል ማወቅ ይገባናል።

ቪዛ ምንድን ነው?

በአገራችን ልማድ ሰው ወደ ጎረቤቱ ቤት ዘው ብሎ አይገባም። ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ባለቤቱም «ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። እንግዳው ማን እንደሆነና ለምን እንደመጣ ይናገራል። ከዚያ በኋላ «ይግቡ» ይባላል። አገርም እንደ ቤት ነው፤ ባለቤት አለው። ቪዛ ማለት እንግዲህ የምንሄድበት አገር መንግሥት «ይግቡ» ብሎ የሚሰጠን የጽሑፍ ፈቃድ ነው።

ፓስፖርትና ቪዛ አንድ አይደሉም። ፓስፖርት የሚሰጠን የራሳችን መንግሥት ነው። «ይህ ሰው ዜጋዬ ነው» ብሎ ይመሰክርልናል። ቪዛ የሚሰጠን ግን የእንግድነቱ አገር ነው። ሁሉም አገር ቪዛ አይጠይቅም። ለምሳሌ ኢትዮጵያና ኬንያ ስምምነት ስላላቸው ኢትዮጵያዊ ለጉብኝት ወደ ኬንያ ሲሄድ ቪዛ አይጠየቅም። ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ ለሚሄድ ግን ቪዛውን እዚሁ ሳለ አስቀድሞ ማግኘት ግድ ነው። ቪዛ የሌለውን መንገደኛ አየር መንገዱ ራሱ ወደ አውሮፕላኑ አያስገባውም።

ቪዛ ብዙ ዓይነት ነው። ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለመኖር የሚሰጥ አለ። አገር ለማየት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ ይባላል። እያንዳንዱ ቪዛ ለተሰጠበት ጉዳይ ብቻ ያገለግላል። ቡና ጠጡ ተብሎ የተጠራ እንግዳ በዚያው ቤት ልኑር ቢል ይሆናል እንዴ? አይሆንም። የጎብኚ ቪዛም እንደዚሁ ነው። ጎብኝቶ መመለሻ እንጂ ሥራ መቀጠሪያ አይደለም።

እንዴት ይጠየቃል?

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት በገጠር ይኖራሉ። ልጃቸው በአሜሪካ አገር ይሠራል። ሚስቱ ስለወለደች «እማዬ፣ መጥተሽ የልጅ ልጅሽን እያት» አላቸው። እኚህ እናት ምን ማድረግ አለባቸው?

አንደኛ፣ ፓስፖርት ያወጣሉ። ፓስፖርቱ ጊዜው ሊያልቅ የተቃረበ እንዳይሆን ያስፈልጋል። ብዙ አገሮች ቢያንስ 6 ወር ቀሪ ጊዜ ያለውን ፓስፖርት ይፈልጋሉ።

ሁለተኛ፣ ዲኤስ 160 የሚባለው የማመልከቻ ቅጽ በኮምፒዩተር ይሞላል። ቅጹ የሚሞላው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጃቸው ወይም ሌላ የሚያምኑት ሰው ሊሞላላቸው ይችላል። ነገር ግን የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን የሚያረጋግጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ከመላኩ በፊት እያንዳንዱ መስመር በአማርኛ ተነቦ ሊሰሙት ይገባል።

ሦስተኛ፣ ክፍያውን ይከፍላሉ። የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ ዋጋ ከሰኔ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ 185 ዶላር ሆኖ ነበር። ዋጋውም ደንቡም ሊለወጥ ስለሚችል በሚያመለክቱበት ጊዜ ከኤምባሲው ማስታወቂያ ማረጋገጥ ነው። ይህ ገንዘብ ማመልከቻው የሚታይበት እንጂ የቪዛው ዋጋ አይደለም። ቪዛው ቢከለከል አይመለስም።

አራተኛ፣ በቀጠሮው ቀን አዲስ አበባ ወደሚገኘው ኤምባሲ ይቀርባሉ። የአሥሩም ጣት አሻራ ይወሰዳል። ይህን ስታዩ ቅር አይበላችሁ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው በፊርማ ፋንታ እንደሚያደርገው አይደለም። ፕሮፌሰርም ቢሆን ይሰጣል። የሚፈለገው ሰውየው ራሱ መሆኑን ለመለየት ነው። ከዚያ በኋላ ቃለ መጠይቅ ይደረጋል።

ወደ አውሮፓ የሚሄድ ከሆነ አሠራሩ በጥቂቱ ይለያል። ሸንገን የሚባለውን ስምምነት የተቀበሉ አገሮች አንድ ዓይነት የጎብኚ ቪዛ ይሰጣሉ። የማመልከቻው ዋጋ ለአዋቂ ሰው ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 90 ዩሮ ተደርጓል። ቢታመሙ የሚያሳክም 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን መግዛትም ግዴታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች የውሳኔውን መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሟል። እንግዲህ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን ከብዙ ወር በፊት መጀመር ይበጃል።

ቀንና ሰዓት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የእኛ የዘመን አቆጣጠር ከፈረንጆቹ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያንሳል። ጥር 1 ቀን 1953 ዓ.ም. የተወለዱ እናት በፓስፖርታቸው ላይ የሚጻፈው ጃንዋሪ 9 ቀን 1961 ተብሎ ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ቀኑ አንድ ነው። ስሕተት የሚሆነው በአንዱ ወረቀት የእኛን፣ በሌላው የፈረንጁን ቁጥር ሳይለዩ ሲጽፉ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ሁለት ዕድሜ ያለው ይመስላል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በቀጠሮው ወረቀት ላይ ጠዋት 8፡00 ተብሎ በፈረንጅ ቢጻፍ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት የሄደ ሰው ቀጠሮው አልፎበታል።

የስም ነገርም አለ። እኛ በአባታችን ስም እንጠራለን። እናትየዋ የሚጠሩት በአባታቸው፣ ልጃቸው ደግሞ በራሱ አባት ስም ነው። ለውጭ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር ሊሆንበት ይችላል። ቢጠየቁ «በአገራችን የቤተሰብ ስም የለም፤ ሁሉም በአባቱ ስም ይጠራል» ብሎ ማስረዳት ይበቃል።

ዋናው ጥያቄ

በቃለ መጠይቁ ላይ ብዙ ነገር ሊጠየቅ ይችላል። የት ይሄዳሉ? ማን ዘንድ ያርፋሉ? ወጪውን ማን ይችላል? ምን ያህል ጊዜ ይቆያሉ? የሁሉም ሥር ግን አንድ ነው፤ «ይመለሳሉ ወይ?» ነው። በ1944 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለጉብኝት ያመለከተ ሰው ሁሉ፣ እንደሚመለስ እስኪያሳይ ድረስ፣ ለመቅረት እንዳሰበ ይቆጠራል ይላል። ስለዚህ ጠያቂው ቢጠራጠር ጠልቶን አይደለም፤ ሕጉ እንዲህ ስለሚለው ነው።

ታዲያ ገበሬ ምን ያሳያል? ደመወዝ የለኝም ብሎ አይፈር። መሬት አለው፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ይመሰክርለታል። ትዳር፣ ልጆች፣ ከብት፣ ያልታጨደ አዝመራ አለው። እነዚህ ሰውን ወደ ቤቱ የሚስቡ ነገሮች ናቸው። ወረቀቱን ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። ሆኖም ጠያቂው ወረቀቱን ላያይ ይችላልና በአፍም አጠር አድርጎ መናገር ይገባል። ያልገባን ጥያቄ ቢኖር «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ማለት ነውር የለውም። ሳይገባን «አዎ» ማለት ነው ነውሩ።

ሞኝና ወረቀት

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ወረቀት ላይ የሰፈረ ውሸትም አይለቅም። ደላላ መጥቶ «አላገባሁም በሉ፤ የጋብቻ ወረቀት እኔ አሠራለሁ፤ የባንክ ሒሳብዎ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ገንዘብ አስገባለሁ» ሊል ይችላል። ይህ ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ውሸቱ ግን በእናንተ ስም፣ ከጣት አሻራችሁ ጋር ተመዝግቦ ይቀራል። በአሜሪካ ሕግ ቪዛ ለማግኘት ዋና ጉዳይ ላይ የዋሸ ወይም ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ ሰው ለዘለቄታው ሊከለከል ይችላል። በእውነት ተናግሮ የተከለከለ ግን ኑሮው ሲለወጥ እንደገና ከፍሎ ማመልከት ይችላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ይህን እንወቅ። ቪዛ የሚሰጠውም የሚከለክለውም የዚያ አገር መንግሥት ሹም ነው። «ቪዛውን እኔ አስወጣለሁ» የሚል ደላላ የሌለውን ነው የሚሸጠው።

የተጻፈውን ማንበብ

ቪዛው ሲገኝ ደስታው አያዘናጋን። ገልጠን እናንብበው። መጀመሪያ ስሙና የልደቱ ቀን ከፓስፖርቱ ጋር ይስማማል ወይ? ቀጥሎ ስንት ጊዜ ያስገባል? አንድ ጊዜ ብቻ የሚል ከሆነ ከዚያ አገር ወጥቶ በዚሁ ቪዛ ተመልሶ መግባት የለም። የአሜሪካ መንግሥት በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን አብዛኛው የጎብኚ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለ3 ወር ብቻ እንዲሆን ወስኗል።

ቪዛው የሚያበቃበት ቀንና የመቆያው ቀን ይለያያሉ። በአሜሪካ ቪዛ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ቀን መግቢያው የሚዘጋበት ነው። የመቆያውን ቀን የሚወስነው ሲደርሱ የሚቀበላቸው የጠረፍ ሹም ነው። ብዙ ጊዜ እስከ 6 ወር ይፈቅዳል። ያንን ቀን ጠይቆ መያዝ ያስፈልጋል። ከተፈቀደው በላይ ከ180 ቀን አልፎ የቆየ ሰው ከወጣ በኋላ 3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ 10 ዓመት እንዳይገባ ሊከለከል ይችላል። በሸንገን አገሮች ደግሞ ከ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይፈቀድም። በቪዛው ላይ ከዚያ ያነሰ ቀን ከተጻፈም የሚሠራው የተጻፈው ነው።

ሥራ ተብሎ የጎብኚ ቪዛ ቢሰጥስ?

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። በየገጠሩ ወጣቶችን፣ ይልቁንም ሴቶች ልጆችን፣ «ወደ ዓረብ አገር ሥራ እንልካለን» የሚሉ አሉ። ቪዛ መጣ ብለው ያሳያሉ። ቪዛው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ግን ምን ይላል? ለጉብኝት ነው የሚል ከሆነ ልጅቱ በሕግ ሠራተኛ አይደለችም። ለምሳሌ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በጎብኚ ቪዛ ገብቶ መሥራት ክልክል ነው። የመቆያዋ ቀን ሲያልፍ ቅጣት ይቆጠርባታል። ደመወዟን ቢከለክሏት ለመክሰስ ትፈራለች፤ ራሷ ሕገ ወጥ ተብላለችና። ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ እንደሄደው በሬ መሆን ይህ ነው።

በአገራችን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት በአዋጅ ይመራል። በዚህ ሕግ መሠረት ለሥራ የሚሄድ ሰው በመንግሥት በኩል ወይም ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ አማካይነት፣ የጸደቀ የሥራ ውል ይዞ ይሄዳል። ዕድሜውም ከ18 ዓመት በታች መሆን የለበትም። ሰውን እያታለለ የሚነግድ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 በወንጀል ይጠየቃል። ስለዚህ ለሥራ የምትሄድ ልጅ ካለች ወላጆች ሁለት ወረቀት ጠይቁ፤ አንዱ የሥራ ውል፣ ሁለተኛው የሥራ ቪዛ ነው። «ኋላ ይደርሳል» የሚል ሰው ቢመጣ በሬያችሁን አትሽጡ።

ወገኖቻችን፣ ፊደል የቆጠርነው ለዚህ ነው። ድሮ ሌላ ሰው አንብቦ የነገረንን አምነን ጣታችንን እናሳርፍ ነበር። ዛሬ ግን ወረቀቱን ተቀብለን ራሳችን እናያለን። በባዕድ ቋንቋ ከተጻፈም የትምህርት ቤት መምህር ወይም የተማረ ልጅ ጠርተን፣ ከሻጩ ሌላ ሰው አንብቦ እንዲያስረዳን እናደርጋለን። ልጅን ጠይቆ፣ አገር አይቶ በሰላም መመለስ መልካም ነገር ነው። የሚጀምረውም የተጻፈውን አውቆ በመፈረም ነው።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ፓስፖርትና ቪዛ በምን ይለያያሉ?
2. በቀጠሮ ወረቀት ላይ ጠዋት 9፡00 ተብሎ በፈረንጅ ቢጻፍ በእኛ ስንት ሰዓት ነው?
3. አንድ ደላላ ልጃችሁን በጎብኚ ቪዛ ለሥራ እልካለሁ ቢል ምን ትመልሱለታላችሁ?