ኳስን እንጀራው ያደረገ መንገደኛ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የንግግራችን ርእስ ኳስን እንጀራው አድርጎ ከቡድን ወደ ቡድን፥ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወር አጥቂ ነው።

እኛ የአቃቂ ቃሊቲ ልጆች ሠራተኛ ማለት ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። አንድ ብረት በያጅ በአንዱ ፋብሪካ ውሉ ሲያልቅ ሙያውን ይዞ ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለዚህም የሚንቀው የለም፤ እጁን አይተው ይቀጥሩታል። በኳስ ተጫዋች ላይ ሲሆን ግን ፍርዳችን ይለወጣል። ቡድን የቀያየረውን «ያልተሳካለት» እንለዋለን። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን?

የፍቅሩ ተፈራን ጉዞ እንመልከት። ፍቅሩ በ1978 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለደ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ከተጫወተ በኋላ በደቡብ አፍሪካ ለኦርላንዶ ፓይሬትስ፥ ለሱፐርስፖርት ዩናይትድ፥ ለፍሪ ስቴት ስታርስና ለቢድቬስት ዊትስ ተሰልፏል። በቼክ ሪፐብሊክ ለምላዳ ቦሌስላቭ፥ በቬትናምም ለታን ሆዋ ተጫውቷል። በየሄደበት አዲስ አሠልጣኝ፥ አዲስ ቋንቋና አዲስ አየር ይጠብቀው ነበር። አጥቂ ደግሞ የሚመዘነው በግብ ነው። የውጭ አገር ተጫዋች ቁጥርም በብዙ ሊጎች የተወሰነ ስለሆነ፥ ግብ ያጣ እንግዳ ቦታውን ቶሎ ለሌላ ይለቃል።

በ2007 ዓ.ም. የህንድ ሱፐር ሊግ በ8 ቡድኖች ተጀመረ። ጥቅምት 2 ቀን በኮልካታ ከተማ በሶልት ሌክ ስታዲየም በተደረገው የመክፈቻ ጨዋታ አትሌቲኮ ደ ኮልካታ ሙምባይ ሲቲን 3 ለ 0 አሸነፈ። የመጀመሪያዋን ግብ ያስቆጠረው ፍቅሩ ነበር፤ ደስታውንም በአየር ላይ ተገልብጦ ገለጸ። ስለዚህ በዚያ ሊግ ታሪክ የመጀመሪያዋ ግብ የኢትዮጵያዊ ናት። ነገር ግን ውድድሩ ታኅሣሥ 11 ቀን አበቃ፤ ሁሉም በ70 ቀን ያህል ተፈጸመ ማለት ነው።

በሚቀጥለው ውድድር ፍቅሩ የቼናይን መለያ ለብሶ በግማሽ ፍጻሜው ወደዚያው ስታዲየም ተመለሰ፤ በቀድሞ ቡድኑም ላይ ግብ አስቆጠረ። ኮልካታ በዕለቱ 2 ለ 1 ቢያሸንፍም በደርሶ መልስ ድምር 4 ለ 2 ያለፈው ቼናይን ነው። ቼናይን ታኅሣሥ 10 ቀን 2008 ዓ.ም. ጎዋን 3 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ይህ ክሕደት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ታማኝነት ነው እንላለን። ደመወዝ ለሚከፍለው ቡድን የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ የሠራተኛ ክብር ነውና።

እርግጥ ነው፥ መንግሥቱ ወርቁ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸንቶ ኖሯል። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አራተኛዋን ግብ ያስቆጠረው እርሱ ነው። ይህ ክብር ከቶ አይደበዝዝም። ሆኖም እርሱን ለማክበር መንገደኛውን መናቅ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ለእናንተ፥ ደብተራችሁን ጥላችሁ ኳስ ብቻ ለመከተል ለምታስቡ ጓደኞቻችን፥ እንናገራለን። መንገደኛ አጥቂ የሚኖረው በእግሩ ብቻ አይደለም። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ውል ይፈርማል፤ የ70 ቀን ደመወዝ ለስንት ወር እንደሚበቃ ያሰላል፤ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በጥቂት ቀን ይግባባል። እግርም ከባለቤቱ ቀድሞ ያረጃል። ያን ጊዜ የሚቀረው ዕውቀት ነው። እንግዲህ ከሰዓት በኋላ ኳሱን፥ ከጧት ጀምሮ ደግሞ መጽሐፉን አጥብቀን እንያዝ።