የእናቴ ዕቁብ፣ የአባቴ ቬስፓ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ሊቀመንበራችን «በዚህ ወር ተራው ያንቺ ነው፤ ስለ ቁጠባ አንድ ነገር በይን» ስትለኝ እሺ አልኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ዓመቱን ሙሉ ሐሳቤን የያዘው ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት፤ አንዲት አሮጌ ቬስፓ። እንዳትስቁብኝ። ቁጠባውም እዚያው ውስጥ አለ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ቬስፓዋ የአባቴ ናት። ሊብሬዋም በስሙ ነው። አባቴ አቃቂ ያስተምር ነበር፤ ቤታችን ደግሞ ጉለሌ። በየቀኑ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነበረበት። በ1957 ዓ.ም. አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ጣሊያናዊ ሲሸጣት ገዛት። ባለ 150 ሲሲ፣ ቀለሟ ፈዛዛ ሰማያዊ ናት። ሃያ ዓመት ነዳት። እናቴ ነጠላዋን አጥብቃ በአንድ ጎን ትቀመጥ ነበር፤ እኔ ከፊት፣ በአባቴ ጉልበትና በመሪው መካከል ቆሜ ሄጃለሁ። በ1977 ዓ.ም. መለዋወጫ ጠፋ፣ ቤንዚንም እንደ ልብ አልገኝ አለ፤ ከማድ ቤታችን ጎን ካለው ዳስ ሥር ገብታ ቆመች። ዶሮ አደረባት፣ የከሰል ጆንያ ተደገፈባት። አባቴ በ1998 ዓ.ም. ሲያርፍም እዚያው ነበረች።

አምና ታላቅ ወንድሜ ከአሜሪካ ደወለ። «የአባባን ቬስፓ እናሳድሳት፤ ወጪው በእኔ ነው። በጥር ስመጣ ከፋብሪካ እንደ ወጣች ሆና ልያት» አለኝ። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያኔ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ያረጀ ነገር ሲታደስ ማን ይጠላል? አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ቀለሟ በሙሉ በአሸዋ ተነፍቶ ይነሣል፣ የጎደጎደው በስቱኮ ይሞላል፣ ከዚያ አዲስ ቀለም፣ አዲስ ኒኬል፤ ሁሉም በ140 ሺህ ብር። ተስማማን። ሰዎቹ ፈጣኖች ናቸው። እኔ ቤት ሳልደርስ የፊቱን ፓራፋንጎ ፈትተው እስከ ብረቱ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀውት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እጄ ላይ ቀርቶ ነበር። ቬስፓን የምታውቁ እንደምታስታውሱት ከኋላ ሁለት ጉንጭ አላት፤ በቀኙ ሞተሩ አለ፣ የእኛዋ በግራው ትንሽ በር ያለው የዕቃ ሣጥን አላት። የግራውን ለማጠብ ቤት አስቀርቼው ነበር፤ ምክንያቱም ዶሮዎቹ ጎጆ አድርገውት ስለነበር ለሰው ማስረከብ አሳፈረኝ። በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ሳሸው የበሩ የውስጥ ገጽ ላይ ጭረት አየሁ። በሚስማር የተጫሩ፣ የተስተካከሉ መስመሮች። ቆጠርኳቸው፤ 17። የመጨረሻው ከሌሎቹ በእጥፍ ይረዝማል።

«እማዬ፣ ይህን ማን ጫረው?» አልኳት።

«እኔ ነኛ» አለችኝ፣ ሽንኩርቷን ከመክተፍ ሳታቆም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ በሲንጀር መኪናዋ የሰፈሩን ልብስ ትሰፋ ነበር። የሃያ አራት ሴቶች ዕቁብ ነበራቸው፤ በወር ሃያ ሃያ ብር። ዕጣው በሰባተኛው ወር ለእናቴ ወጣ፤ 480 ብር። ሻጩ የጠየቀው 600 ነበር፤ አባቴ 120 ጨመረበት። ከዚያ በኋላ 17 ወር መክፈል ቀረ። እናቴ በየወሩ ከፍላ ስትመለስ በሩን ከፍታ አንድ መስመር ትጭራለች። «ለምን ወረቀት ላይ አልጻፍሽውም?» አልኳት። «ወረቀትማ ይጠፋል። ደግሞ አባትሽ ጠዋት መፍቻውን ሊያወጣ ሲከፍት ዕዳ እንዳለብን ይየው ብዬ ነው» አለች።

እህቶቼ፣ እኛ ዛሬ ለደጋፊዎቻችን ሪፖርት ስናቀርብ ደረሰኝ እናያይዛለን። እናቴ ደረሰኝ አልነበራትም። ሊብሬው የአባቴ ነው፣ ወንድሜ የሚለው «የአባባ ቬስፓ» ነው፣ እኔም ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ድረስ እንደዚያ ስል ነበር። ከዋጋው ከአምስት እጅ አራቱን ማን እንደ ከፈለ የተጻፈበት ቦታ በዓለም ላይ ያ የሣጥን በር ብቻ ነው። በማግሥቱ ደግሞ በአሸዋ ሊነፋ ነበር።

ጠዋት ጋራዡ ሄጄ ሥራውን አስቆምኩ። ቀብድ አልመለሱልኝም፤ እሱን ተዉት።

አሁን ሌላው ችግር መጣ። ቀለሟን አትንኩ ማለት ቀላል ነው፤ ግን እንዳለች ትተናት ምን ልናደርጋት ነው? የእህቴ ልጅ ከኢንተርኔት እየፈለገች ታነብልኝ ጀመር። የጥንት ተሽከርካሪዎች ባለቤቶች ፊቫ የሚባል ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ። የቱሪን ቻርተር የሚባል ሰነድም አውጥተዋል። ለጥንታዊ ሕንጻዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ቬኒስ ላይ የወጣውን ቻርተር አርአያ ያደረገ ነው። ማደስንና እንዳለ ጠብቆ ማቆየትን ይለያል፤ የሚነካው በተቻለ መጠን ጥቂት ይሁን፣ የተተካ ነገርም አዲስ መሆኑ ይታወቅ ይላል። ሳነበው እኔ ብቻ እንዳልተጨነቅኩ ገባኝ።

ስለ ቬስፓ ራሷም ያነበበችልኝ ነገር ነበር። ቬስፓ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። ፒያጆ የተባለው ፋብሪካ ከጦርነቱ በፊት አውሮፕላን ይሠራ ነበር፤ ጦርነቱ አወደመው። እ.ኤ.አ. በ1946 ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ ቬስፓን ነደፈ። ሰውየው ሞተር ሳይክል አይወድም ነበር ይባላል። ስለዚህ ዘይቱ ልብስ እንዳያበላሽ ሞተሩን ሸፈነው፣ ማርሹን በእጅ አደረገው፣ ቀሚስ የለበሰችም እንድትቀመጥ መሐሉን ክፍት ተወው። የእናቴ ነጠላ ለምን እንዳልቆሸሸ በዚህ ገባኝ። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1948 ከቬስፓ ባለ ሦስት እግር አወጣ። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ በ1960ዎቹ ሁለቱንም በፒያጆ ፈቃድ ይሠራ ነበር። ዛሬ ወደዚህ ስብሰባ በባጃጅ የመጣችሁ፣ በቬስፓ ዘመድ ነው የመጣችሁት።

ዋናውን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከሶማሌ ተራ አካባቢ ካገኘናቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። ጡረታ ወጥተዋል፤ ቬስፓ ስንላቸው ግን ጫማቸውን አጠለቁ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ሰልባትዮ እያሉ ይዞሯታል፤ ለካ የምንናገረው ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አመሳከሩ። «ይህ ቁጥር በስቱኮ ቢደፈን ኖሮ የማን እንደሆነች የምታስረጂበት አልነበረሽም ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የእግር መርገጫውን ከሥር በካቻቢቴ እጀታ ቀጠቀጡት። ጠንካራው ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ሁለት ቦታ ላይ ካቻቢቴው ገባ።

እዚህ ላይ ሐሳቤን መለወጥ ነበረብኝ። ሞተር ሳይክል የቧንቧ አጥንት አለው። ቬስፓ ግን አጥንት የላትም፤ ከታጠፈ ላሜራ የተበየደው አካሏ ራሱ ነው የሚሸከማት። ስለዚህ የመርገጫ ዝገት የመልክ ጉዳይ አይደለም፤ መንገድ ላይ ለሁለት ልትታጠፍ ትችላለች። «እንዳለች ትቆይ» ብዬ ሙጭጭ ብል ኖሮ ወይ ማንም የማይነዳት የግድግዳ ጌጥ አደርጋት ነበር፣ ወይ የእህቴን ልጅ እገድላት ነበር።

በመጨረሻ የወሰንነው ይህ ነው። ሰው የሚገድለው ሁሉ ይቀየራል፤ የሚናገረው አይነካም። የበሰበሰው የመርገጫ ላሜራ ተቆርጦ ከሥር በኩል አዲስ ተበየደ፤ ላሜራ ሠራተኛው አዲሱ ላይ «2016» ብሎ ቀጥቅጦ ጻፈበት፣ ነገ የሚያየው እንዳይታለል። የፍሬን ሸራ፣ ሽቦዎቹ፣ ሁለቱ ጎማዎች አዲስ ሆኑ። ሰልባትዮው ታጠበ፣ ካርቡራቶሩ ተፈትቶ ጸዳ። በሞተሩ ውስጥ ያሉት የዘይት መከልከያ ጎማዎች ደርቀው ነበር። እሳቸው እንዳስረዱኝ እነዚህ ሳይቀየሩ ሞተሩ ቢነሣ አየር በስንጥቁ ይገባል፣ ቤንዚኑና ዘይቱ ያንሰዋል፣ ሞተሩ ይግልና ፒስቶኑ ይነክሳል። የተጣበቀውንም በኃይል አልረገጡትም፤ በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት አፍስሰው ለአሥር ቀን ተዉት።

ቀለሙን እኔና የእህቴ ልጅ ነን የሠራነው። መጀመሪያ ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አነሣን። በሳሙናና በውኃ አጠብን፣ ቅባቱን በላምባ አነሣን፤ ግን አዲስ ነገር በሞከርን ቁጥር መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ላይ። የሽቦ ቡሩሽና ብርጭቆ ወረቀት ከግቢው አስወጣሁ። ዝገቱ ያለበትን ቀጭን ዘይት፣ የቀረውን የመኪና ሰም ቀባነው። ከጥቁሩ ሥር ያ የልጅነቴ ሰማያዊ ብቅ ሲል፣ እመኑኝ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የአባቴ ጉልበት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ አልቆ ብረቱ ያበራል።

ወንድሜ ተቆጥቶ ነበር። «እኔ ገንዘብ የምልከው ለዝገት ነው?» አለኝ። የ17ቱን መስመር ፎቶ ላክሁለት፣ ታሪኩንም ጻፍኩለት። ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን «ቀለሙን ተዪው፤ ፍሬኑ ግን አዲስ ይሁን» የሚል መልእክት መጣ። ሁሉም ነገር ተደምሮ 61 ሺህ ብር ፈጀ።

ያልተስማማችው ማን መሰለቻችሁ? እናቴ! «ዝገት ይዛችሁ ሰው ፊት እንዳትወጡ። ደሃ ነበርን እንዴ?» አለች። ከእሷ ጋር መከራከር ከወንድሜ ይልቅ ከበደኝ፤ ምክንያቱም ጭረቱ የእሷ ነው፣ ይፋቅ ካለችም ባለቤቷ እሷ ናት። እንዲያው በግልጽ ጠየቅኳት። «ጭረቱን ምን ታደርጉበታላችሁ፤ ዕዳው ተከፍሏል» አለች። እኔ ለራሴ እንደምፈልገው፣ ለልጆቹ እንደምፈልገው ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ወንበሩን ግን ሰው የሚቀመጥበት አድርጉት» አለች። ወንበሩ በአዲስ ቆዳ ተሰፋ፤ መልኩን የመረጠችው እሷ ናት። ያ የተፋቀው ፓራፋንጎም አሮጌውን በሚመስል ሰማያዊ ተቀባ። እስከ ዛሬ ባለፈች ቁጥር ፓራፋንጎውን እያሳየች «ይኸው፣ ይቺ አማረባት» ትለኛለች። በዚህ አልተሸነፈችም።

ከመካከላችሁ በብድራችን ባጃጅ የገዛችሁ እህቶች አላችሁ። የእኔን ሰምታችሁ ቀለም ከመቀባት እንዳትቦዝኑ። የሥራ ዕቃ ሲላጥ ይቀባል፤ ዝገት እንጀራን ይበላል። የእኔዋም ቀለም ሁለተኛ ጊዜ የተቀባ፣ ታሪክ የሌለው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልደክምም ነበር። እኔ የምለው የእናታችሁን መኪና፣ ሣጥን፣ መሶብ ለአዳሽ ከመስጠታችሁ በፊት ቤት አጥባችሁ የውስጡን እዩት ነው። ይህን ደግሞ ራሳችሁ አድርጉት፤ ሠራተኛ የሚያየው ዝገቱን ብቻ ነው፣ ሊፈረድበትም አይገባም።

ባለፈው ኅዳር ሽማግሌው መካኒክ መጥተው ሊያስነሷት ሞከሩ። ግቢው ጎረቤት ሞልቶት ነበር። ሁለት ጊዜ ረገጧት፤ እንቢ አለች። በሦስተኛው ተነሣች፤ ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው። ልጆቹ ጮኹ። እናቴ ከማድ ቤት በሻሽዋ አፍንጫዋን ይዛ ወጣችና ጭሱን አየት አድርጋ «ዘይቱ በዝቷል» አለች። መካኒኩ ሳቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ብለው ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የሚበቃውን እጥፍ አድርገውት ነበር።