ትኩሳቱ የበረደለት ሕፃን
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ ልንናገርለት የፈቀድነው «ወባ የለበትም» ስለ ተባለ ሕፃን ነው። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ትኩሳት ይዞት የመጣ ልጅ አስቀድሞ ለወባ ይመረመራል፤ የግቤና የስምጥ ሸለቆ ቆላዎች ቅርብ ናቸውና ይህ ተገቢ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በአገራችን ብዙ ጊዜ ወባው ሲታጣ «ታይፎይድ ይሆናል» ተብሎ መርፌ ይታዘዝና ነገሩ ይዘጋል።

እኛ ደንጊም ይታሰብ እንላለን። ይህ በሽታ በኢትዮጵያ መጀመሪያ በምርመራ የተረጋገጠው በ2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ ሲሆን፣ በዚያ ወረርሽኝ ከ11,000 የሚበልጥ ሕመምተኛ ተመዝግቧል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር፣ በሎጊያና በሚሌ ታየ። «ድሬዳዋ ወዲያ፣ ጉራጌ ወዲህ!» የሚለን ቢኖር፣ ለመስቀልና ለአረፋ ከየአገሩ ልጆቹን ይዞ የሚገባውን ነጋዴ ይቍጠርልን። ቫይረሱን የምታዛምተው ኤዴስ የተባለችው ትንኝ ናት፤ የምትነድፈውም በቀን ስለ ሆነ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያግዳትም።

ትንኝ የሚያመጣው ቫይረስ ለጉራጌ እንግዳ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በእኖርና ኤነር ወረዳ ቢጫ ወባ ሲገኝ በመጀመሪያ የታመሙት የአንድ ቤት ሰዎች፣ አባት፣ እናትና ልጅ ነበሩ። ስሙ ያሳስታል እንጂ ቢጫ ወባ የደንጊ ዘመድ ነው፤ ከወባ ጋር ዝምድና የለውም። ከ1953 እስከ 1954 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ 30,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። ያን ጊዜ ትንኟ ትራባበት ከነበረው ስፍራ አንዱ የእንሰት ቅጠል ከግንዱ በሚጋጠምበት ላይ የሚቋጠረው ውሃ ነበር። (እንሰቱን ንቀሉ የሚል ደፋር ከመካከላችን እንደማይገኝ እናውቃለን።)

አሁን ወደ ሕፃኑ አልጋ እንመለስ። ደንጊ ልጅን ለአደጋ የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ ትኩሳቱ ሲነድድ ሳይሆን ሲበርድ ነው። ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳቱ ይወርዳል፤ እናቲቱ «ተመስገን» ትላለች፤ ዘመድም ወደ ቤት እንውሰደው ይላል። በዚያችው ሰዓት ግን የደሙ ውሃ ከሥሮቹ እየሠረገ ወደ ሆዱና ወደ ሳንባው ዙሪያ ሊፈስ ይችላል። ልጁ ሆዱን አጥብቆ ያመዋል፤ ደጋግሞ ያስመልሰዋል፤ ድዱ ወይም አፍንጫው ይደማል፤ ይፈዝዛል፤ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል። እንዲህ ያለው ልጅ አይሰናበትም። የደሙ ውፍረት እየተለካ ፈሳሽ በመጠን ይሰጠዋል፤ ማነሱ እንደሚገድል ሁሉ መብዛቱም ሳንባውን ያጥለቀልቀዋልና። በሽታውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ የሚያድነው ይኸው ጥንቃቄ ነው። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ መድማትን ስለሚያባብሱ ይከልከሉ።

ስለ ምርመራው አንድ ነገር እንጨምር። ደንጊና ቢጫ ወባ ዘመዳሞች በመሆናቸው፣ ለቢጫ ወባ የተከተበ ልጅ ደም በፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ሊያታልል ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት የቫይረሱን የራሱን ፕሮቲን የሚፈልገው ፈጣን ምርመራ ይሻላል፤ በየሆስፒታሉ ላቦራቶሪም እንዲገኝ እንጠይቃለን። እስከዚያው ግን፣ ለልምምድ ወደ ሕፃናት ክፍል የምትገቡ ጓደኞቻችን፣ ወባ የለበትም የተባለውን ልጅ ካርድ ስትይዙ ከየት እንደ መጣና ትኩሳቱ ስንተኛ ቀኑ እንደ ሆነ እናቱን ጠይቃችሁ ጻፉበት።