ዝሆን የሚበላው አሞራ በቀን ስንት ይበላል?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ ስለ ታላላቅ አሞሮች ምግብ ነው። አሞሮቹም በሰማያችን ላይ የሚበሩት ሳይሆኑ፣ ወጣቶች በሚጫወቷቸው የምናብ ጨዋታዎች ውስጥ የሚገኙት ናቸው። ከወላጆች መካከል «ይህ ደግሞ ምን ይጠቅማል?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ጥቂት ቢታገሠኝ፣ ጉዳዩ ከሒሳብና ከሥነ ሕይወት ትምህርት የራቀ አለመሆኑን ያያል።

ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ታተመ። ተጫዋቾቹ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ የአንድ ጀግና ድርሻ እየያዘ፣ ታሪኩን በአፋቸው ይፈጥሩታል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሩክ የሚባል አሞራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው የአውሬዎች መጽሐፍ እንደ ተጻፈው፣ መልኩ የንስር ሲሆን ክንፉ ሲዘረጋ 60 ሜትር ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ነው። አመጋገቡም አልተረሳም። ፈጣንና ትንሽ እንስሳ አያሳድድም፤ የሚታደነው በቀላሉ በሚሸሸግበት በደንና በከተማ ላይም አይደክምም፤ ዝሆንን፣ ዓሣ ነባሪንና ግዙፍ ሰዎችን ግን ከሰማይ ተወርውሮ ይነጥቃል። ይህን የጻፈው ሰው ብልህ ነው እላለሁ፤ አንበሳም ቢሆን አይጥ ሲያሳድድ አይውልምና።

ሩክን የፈጠረው ግን ጨዋታው አይደለም። በአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረት ውስጥ፣ በመርከበኛው ሲንድባድ ታሪክ፣ ይህ አሞራ ጫጩቶቹን ዝሆን እንደሚያበላ ተነግሯል። ማርኮ ፖሎም በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ባስጻፈው መጽሐፍ፣ በማዳጋስካር ወገን ያለው አሞራ ዝሆኑን በጥፍሩ አንሥቶ ከከፍታ ከለቀቀው በኋላ፣ ወድቆ የተሰባበረውን ወርዶ እንደሚበላ ያወራል። ይህ ከከፍታ የመልቀቅ ነገር ባዶ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በእኛም አገር፣ በሰሜን ተራሮችና በሌሎችም ደጋዎች የሚኖረው ጢማሙ ጥንብ አንሳ፣ ያልተሰበረ አጥንት ሲያገኝ ወደ ላይ ይዞት ይወጣና ዓለት ላይ ይለቀዋል፤ ከተሰበረም በኋላ ስብርባሪውን ይውጣል። ከምግቡ አብዛኛው አጥንትና መቅኒ ነው። ልዩነቱ እርሱ የሚያነሣው አጥንት እንጂ ዝሆን አለመሆኑ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። አንድ ንስር ክንፉ ሲዘረጋ 2 ሜትር፣ ክብደቱ 4 ኪሎ፣ የቀን ምግቡም ሩብ ኪሎ ሥጋ ነው እንበል። ሩክ በርዝመት 30 ጊዜ ይበልጠዋል። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የአንድ አካል ርዝመት 30 ጊዜ ቢያድግ ስፋቱ 30 በ30፣ ማለት 900 ጊዜ ያድጋል፤ ክብደቱ ግን 30 በ30 በ30፣ ይኸውም 27000 ጊዜ ይሆናል። ስለዚህ ሩካችን 108 ቶን ይመዝናል፤ እያንዳንዱ የክንፉ ሜትር ካሬም ከንስሩ ክንፍ 30 ጊዜ የሚበልጥ ሸክም ይሸከማል። እንዴት እንደሚበር ለጨዋታው እንተውለትና ሆዱን ብቻ እንመልከት።

ትልቅ እንስሳ በክብደቱ ልክ አይበላም። ማክስ ክላይበር የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳመለከተው፣ የሰውነት ክብደት ሲጨምር የሚያስፈልገው ኃይል የሚጨምረው ከዚያ ባነሰ መጠን ነው። በዚህ ደንብ ስናሰላው የሩክ ምግብ የንስሩን 2100 ጊዜ ያህል፣ ማለት በቀን 525 ኪሎ ይሆናል። ባለ 5 ቶን ዝሆን ከነቆዳው ከነአጥንቱ ቢበላ እንኳ 10 ቀን አያደርሰውም። በዓመት 38 ዝሆን፣ ለወንዱና ለሴቷ 76 ዝሆን ያስፈልጋል ማለት ነው፤ የጫጩቶቹን ገና አልቈጠርኩም። የዝሆን እናት ደግሞ 22 ወር አርግዛ የምትወልደው አንድ ግልገል ሲሆን፣ እንደገና የምትወልደውም ከ4 ወይም ከ5 ዓመት በኋላ ነው። መንጋው በዓመት ከመቶ 5 ቢጨምር፣ አንድ ጥንድ ሩክ ሳይጨርሰው ለመኖር ከ1500 የማያንስ የዝሆን መንጋ ይፈልጋል። በካርታቸው ላይ በእያንዳንዱ ተራራ ጫፍ የሩክ ጎጆ የሚሥሉ ጓደኞቼ ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

በሌላ ወገን፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በጃፓን በወጣው በፋይናል ፋንታሲ 2 ጨዋታ፣ እንደ ፈረስ የሚጋለብ ቾኮቦ የሚባል ብጫ ወፍ ታየ። ምግቡ ጊሳል የተባለ ቅጠል ነው። ብዙ ተጫዋቾች ከሩክ ጋር ሲያስተያዩት ይስቁበታል። እኔ ግን ወደ ተፈጥሮ የቀረበው ይኸኛው ይመስለኛል። የዛሬዋ ሰጎን በብዛት የምትበላው ዕፅ ነው፤ ጥርስም ስለሌላት ምግቡን በሆዷ የሚፈጭላት ጠጠር ትውጣለች። (ቾኮቦ ጠጠር ሲሰጠው እስከ ዛሬ አላየሁም።) በማዳጋስካር ይኖር የነበረው የዝሆን ወፍ የሚባለውም ከ500 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ የአንድ እንቁላሉ ይዘት ከ100 የዶሮ እንቁላል ይበልጣል። ብዙዎች የሩክ ወሬ የተነሣው ከዚህ እንቁላል ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ነገር ግን ይህ ወፍ አይበርም ነበር፤ ዝሆንም አልበላም፤ ዕፅ በል ነበረ።

ከራሱ እጅግ የሚበልጥ እንስሳ ያድን የነበረ እውነተኛ ንስር የተገኘው በኒውዚላንድ ነው። የሃስት ንስር ይባላል። ክብደቱ እስከ 15 ኪሎ፣ ክንፉ እስከ 3 ሜትር ይደርስ ነበር፤ የሚያድነውም ሞአ የተባለውን የማይበር ወፍ ሲሆን፣ ትልልቆቹ ሞአዎች ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝኑ ነበር። አንሥቶ አይወስድም፤ ባለበት ይገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የራስ ቅሉን የመረመሩ ሊቃውንት፣ አገዳደሉ የንስር፣ አበላሉ ግን አንገቱን ወደ ሆድ ዕቃ እያስገባ እንደሚበላ ጥንብ አንሳ እንደ ነበረ ገልጸዋል። ከዚያ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሰዎች በታንኳ ደረሱ። ሞአውን አድነው በሉት፤ ደኑንም አቃጠሉ። 200 ዓመት እንኳ ሳይሞላ ሞአ አለቀ። ንስሩንም ማንም ሳይጨርሰው ምግቡ ስላለቀ አብሮ ጠፋ። ዛሬ ከማዕዱ የቀረው በሞአ ዳሌ አጥንት ላይ የሚታየው የጥፍሩ ቀዳዳ ነው።